ያልወጣ እጅ

«እጅሽን ስታወጪ ከብቶቼ ትዝ አላሉሽም?»

አያ እንድሪስ ይህን ሲሏት መስኡዳ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እጅጌ እየገጠመች ነበር። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ዳር በተከራየቻት ጠባብ በረንዳ የስፌት መኪናዋን ተክላ መሥራት ከጀመረች አራት ዓመት አልፏታል። ኩዌት ስምንት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ የተረፋት ሀብት ይቺው መኪናና የወገብ ሕመሟ ነው። ሽማግሌው ከሾላ ሜዳ፣ ከትውልድ መንደሯ፣ በእግራቸው መምጣታቸውን ስታይ ሽርጣቸውን ሊያሰፉ መስሏት ወንበር ልትስብላቸው ተነስታ ነበር። አልተቀመጡም።

የምን እጅ እንደሚሏት አልገባትም። አያ እንድሪስ ደግሞ ነገር የሚያበዙ ሰው አይደሉም። መንገዱን ሙሉ ሲያመላልሷት የመጡት ያቺኑ አንዲት ጥያቄ ስለነበር፣ ጠይቀዋት ሲያበቁ መልሷን ቆመው ጠበቁ። ነገሩ የወጣው ቀስ በቀስ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ሰዎች እንጨትና እሾሃማ ሽቦ በአይሱዙ ጭነው መጥተው፣ ከሾላ ሜዳ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን የከብት መንገድ አጠሩት። መንደሩ ለምን ብሎ ሲሰበሰብ ደብዳቤ አሳዩት። የአያ እንድሪስ ምራት ጮክ ብላ አነበበችው፦ የሐይቁ ዳርቻ ከነመንገዱ ሎጅ ለሚሠራ ባለሀብት እንዲሰጥ የቀበሌው ምክር ቤት በሙሉ ድምፅ ወስኗል ይላል።

«ሙሉ ድምፅ ማለት አንቺም ያለሽበት ማለት ነው አሉኝ» አሏት። «እኛ የመረጥንሽ የምናውቃት ልጅ ናት ብለን ነበር።»

«ወላሂ አያ እንድሪስ፣ እኔ እጄን አላወጣሁም። ስብሰባም አልተጠራሁ።»

ሽማግሌው አተኩረው አዩዋት። «እንግዲያ ማን አወጣልሽ?» አሉና መንገዱን ተሻግረው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ስፌቱ እንቢ አላት። ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰ፤ በሦስተኛው መርፌው ተሰበረ። የሙሽራዋን ቀሚስ በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ ጎረቤቷ መኪናውን እንድታይላት አደራ ብላ፣ ባጃጅ ይዛ ወደ ሐይቁ ወረደች።

አጥሩ እንዳሉት ነው። ታኅሣሥ ገብቶ የመስኩ ኩሬዎች ደርቀዋል፤ ከሽቦው በላይ ያሉት ከብቶች ውሃው እየሸተታቸው አንገታቸውን ዘርግተው ይጮኻሉ። ጄሪካን ያዘሉ ሴቶች በረግረጉ በኩል፣ በደንገሉ መካከል፣ ጭቃ እየረገጡ ይዞራሉ። አንደኛዋ መስኡዳን አይታ ሰላም ሳትላት አለፈች። አብረው ያደጉ ናቸው።

መስኡዳ ምክር ቤት የገባችው ፈልጋው አይደለም። በምርጫው ሰሞን ሾላ ሜዳ ሴት ተወካይ ትኑራት ተባለ፤ ዓረብ አገር ያየች ሰው አፏ አይያዝም ብለው ጎረቤቶቿ ስሟን አስገቡ፤ የቀበሌው አስተዳዳሪ ሙአዊያም ደገፋት። ሁለት ስብሰባ ተቀመጠች። ሦስተኛው ሲጠራ ሥራ በዝቶባት ቀረች። አራተኛውንም ቀረች። ከዚያ ወዲህ ጥሪው ራሱ ቆመ፤ እሷም ለምን ቆመ ብላ አልጠየቀችም። አሁን በሽቦው አጠገብ ቆማ ስታስበው፣ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ተወካይ መሆኗን አንድ ቀን እንኳ አስባው አታውቅም።

ሙአዊያ ቢሮው ነበር። የታላቅ ወንድሟ የትምህርት ቤት ጓደኛ ስለሆነ ቤተሰብ ያህል ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ሰው አክባሪ። አስቀመጣት፣ ስለ እናቷ ጠየቃት፣ የመጣችበትን ስትነግረው ሳይቆጣ ፋይሉን አወጣ። ቃለ ጉባኤው በጥሩ እጅ ጽሕፈት ተጽፏል። ጥቅምት አሥራ አራት ቀን ምክር ቤቱ ተሰብስቦ፣ በሰፊው ተወያይቶ፣ ሐሳቡን በሙሉ ድምፅ ተቀብሏል፤ የአባላቱ ስምና ፊርማም ከዚህ ጋር ተያይዟል ይላል። ወረቀቱን ገለጠችው። ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ የራሷ ስም፣ የራሷ ፊርማ። እስክሪብቶው መሃል ላይ ደርቆባት ሁለቴ እንደደገመችው ሳይቀር ይታያል።

ያን ቀን አስታወሰችው። ከወረዳ የመጣች ነርስ የሕፃናት ምግብ እንዴት እንደሚዘጋጅ ልታሳይ የምክር ቤቱን አባላት ሰብስባ፣ በትልቅ ድስት ገንፎ ሠርታ ነበር። ሲገቡ መገኘታቸውን ለማሳየት አቴንዳንስ ፈረሙ፤ ሻይ በዳቦ ጠጥተው ተበተኑ።

«ይሄ እኮ የገንፎው ቀን ነው» አለችው።

ሙአዊያ አልካደም። ፋይሉን ዘጋና እጁን ላዩ ላይ አሳረፈ። «ስብሰባ ስጠራ ስንት ሰው መጣ? አንቺ ራስሽ መጣሽ?» አላት። ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ሦስት ጊዜ ሰው እንደበተነ፣ ባለሀብቱ ሌላ ቦታ ሊሄድ ጥቂት ቀን ቀርቶት እንደነበረ፣ አንድ ሰው መወሰን ስለነበረበት እንደወሰነ ነገራት። ለራሱ አንድ ክንድ መሬት አልወሰደም። ይህን መስኡዳም ታምነዋለች፤ ሙአዊያ ዛሬም አባቱ በሠሩለት ቤት ነው የሚኖረው። ያብከነከናትም እሱ ነው። ሌባ ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር።

የማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ዳኛው ጋሽ ሀሚዱ በጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የክፍሉ ቁልፍ በአስተዳዳሪው ጸሐፊ እጅ ስለሆነ፣ ጸሐፊው ባልመጣ ቀን ችሎቱን የሚያስችሉት ከበሩ ፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው፤ ያን ቀንም እንደዚያው ነበሩ። መስኡዳ ነገሯን ዘርዝራ ስትጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ልጄ፣ እኔ የተጣሉ ሰዎችን ነው የምዳኘው። አንቺ የተጣላሽው ከራስሽ ፊርማ ጋር ነው» አሏት።

ከዚያ እንደ ድሮ ተማሪ አስረዷት። የምክር ቤት ውሳኔ የሚባል ነገር ካለ መጀመሪያ የሚያነሳውም የሚጥለውም ምክር ቤቱ ነው። ከአርባ አምስቱ አባላት ሲሶው፣ ማለትም አሥራ አምስት ሰው፣ ፈርሞ ለአፈ ጉባኤው ካቀረበ አፈ ጉባኤው አስቸኳይ ስብሰባ የመጥራት ግዴታ አለበት፤ ፈቃዱ አይጠየቅም። አስተዳዳሪውም ቢሆን ተጠርቶ ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው ነው። መስኡዳ ደስ ብሏት ማመልከቻውን እንዲጽፉላት ለመነቻቸው፤ እጃቸው ጥሩ ነው፤ ሕጉንም ያውቁታል። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ነገ አንዱ አንዱን ከሶ ይሄው ነገር እኔ ዘንድ ቢመጣ፣ ማመልከቻ የጻፈ እጅ እንዴት አድርጎ ይፈርዳል? ራስሽ ጻፊው። ስሕተት ቢኖረውም ያንቺው ይሁን።»

ራሷ ጻፈችው። አራት ጊዜ ቀደደችው፤ በአምስተኛው አንድ ገጽ ሞላ።

ያን ሳምንት እግሯ አላረፈም። ጠዋት ጠዋት መኪናዋ ላይ ትቀመጥና፣ ግማሽ እጅጌ ሳትጨርስ አጥሩ ይመጣባታል፤ ተነስታ ትሄዳለች። የሙሽራዋ እናት ሁለት ጊዜ መጥታ ተቆጥታ ተመለሰች። ቀበሌው ከሐይቁ ዳር ይጀምርና ሽቅብ እየወጣ፣ የአምባሰል ገደል እንደ ግድግዳ ከፊት እስኪቆም ድረስ ይዘልቃል፤ አባላቱ በዚያ ሁሉ ተበትነዋል። ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ወጣች፣ ወረደች። ዳገቱ ላይ ወገቧ ሲይዛት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትነሳለች፤ ብዙ ግን መቀመጥ አትችልም፤ ቁጭ ስትል የአያ እንድሪስ ጥያቄ ይቀድማታል።

አንድ ነገር ለራሷ ደንግጋለች፦ ሳታነብለት ማንንም አታስፈርምም። ኡሙሰልማ የምትባለው አባል ጤፍ እያስወቃች ነበር፤ መንሹን ሳትጥል «የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለቻት። መስኡዳ ቁጭ ብለሽ ስሚ አለቻት። ኡሙሰልማ ፀሐዩ አስቸኩሏት እየተነጫነጨች ሰማች፤ ቃለ ጉባኤው ውስጥ የእሷም ስም እንዳለ ሲነበብላት ግን መንሹ ከእጇ ወደቀ። እንዲነበብላት ደገመች። ከዚያ ስሟን በትልቁ፣ ሁለት መስመር በሚይዝ ፊደል ጻፈች።

ሁሉ እንደሷ አልነበረም። አንዱ ማዳበሪያ ሲመጣ ስሜ መጨረሻ ላይ ይገኛል ብሎ ከደጁ መለሳት። አንዱ ሙአዊያ የእህቱን ልጅ ሥራ አስገብቶለት ስለነበር፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ ካየው በኋላ በአክብሮት መልሶ ሰጣት። ከገደሉ ሥር ያሉት ሁለት ሰዎች ሎጁን እንደሚፈልጉት ፊት ለፊት ነገሯት፤ ሐይቁ ለነሱ ከሩቅ የሚያዩት ነገር ነው፣ ሥራ ግን ለልጆቻቸው ያስፈልጋቸዋል። መስኡዳ እዚህ ላይ፣ አስባበት ሳይሆን ከአፏ አምልጧት፣ «እኔም ልፈልገው እችላለሁ። ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እናንተንስ ማን ጠየቃችሁ?» አለች። አንደኛው ፈረመ፤ ሌላው አልፈረመም።

ሙዓዝ የሚባለውን አባል ፍለጋ ውጫሌ ድረስ በሚኒባስ ሄደች። እዚያ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ከፍቶ ከቀበሌው ከወጣ ዓመት ሆኖታል። የምክር ቤት አባል መሆኑን ጭራሽ ረስቶት ነበር። ስትነግረው ሳቀ፤ የሾላ ሜዳን ላሞች ነገር ስትነግረው ሳቁን ተወ። ፈርሞ ከዚህ በኋላ ስሙን ከምክር ቤቱ እንደሚያስወጣ ነገራት። መጀመሪያ ስብሰባው ላይ ተገኝና ከዚያ ውጣ አለችው። አሥራ አምስተኛው ፊርማ የእሱ ነበር።

ከተማ አብረዋት የሚኖሩት እናቷ ሀዲያ በዚህ ሁሉ እንቅልፍ አልነበራቸውም። ልጃቸው ከሰው አገር በሰላም ከተመለሰች ወዲህ የሚፈሩት አንድ ነገር ቢኖር ዓይን ውስጥ መግባቷን ነው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እያሉ መከሯት። መስኡዳ እዚህ ንጉሥ እንደሌለ፣ ሙአዊያ እነሱው የመረጡት ሰው እንደሆነ፣ ማንም ልክሰሰው እንዳላለ አስረዳቻቸው። እናቷ ሰምተው፣ «አላህ ይጠብቅሽ» አሉ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

ሙአዊያም ሰምቷል። ፊርማው በሞላ በማግሥቱ በረንዳዋ ድረስ መጥቶ፣ አያ እንድሪስ ያልተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ደብዳቤም ማኅተምም አላነሳም። ስለ ወንድሙ ልጅ ነበር ያወራላት። ልጁ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ በጀልባ ወደ የመን ሲሻገር ባሕር በልቶታል፤ አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም። ሎጁ አርባ ወጣት እንደሚቀጥር ነገራት። አርባ ወጣት ማለት በዚያ መንገድ የማይሄድ አርባ ልጅ ማለት ነው።

«ያንን መንገድ ካንቺ በላይ የሚያውቀው ማን ነው?» አላት። «ወረቀቱን አስቀሪው፤ ለከብቶቹ ሌላ መላ እንፈልጋለን።»

መስኡዳ የያዘችውን መቀስ አስቀመጠች። ኩዌት የነበረችበት ቤት፣ የተዘጋው የወጥ ቤት መስኮት፣ ፓስፖርቷን የቆለፉበት መሳቢያ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። ልክ ነው፣ ታውቀዋለች። እዚያ ቤት ለስምንት ዓመት መቼ እንደምትተኛ፣ ምን እንደምትበላ፣ ለእናቷ መቼ እንደምትደውል ሌላ ሰው ነበር የሚወስንላት፤ እመቤቲቱ ደግሞ ክፉ አልነበረችም።

«ብትጠይቀኝ ኖሮ ምናልባት እጄን አወጣልህ ነበር» አለችው። «አንተ ግን ሳትጠይቀኝ አወጣህልኝ። ሙአዊያ፣ እሱን ላልፈው አልቻልኩም።»

ተነስቶ፣ ሰላም ዋይ ብሎ ሄደ።

አፈ ጉባኤው ፈንታሁን ንብ የሚያረባ፣ አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው። እርሻው ከመስኡዳ አባት እርሻ ጋር ይዋሰናል። ሁለት ዓመት አፈ ጉባኤ ሲባል አንድ ስብሰባ በራሱ ጠርቶ አያውቅም፤ ሙአዊያ ቀኑን ይነግረዋል፣ እሱ ይከፍታል፣ ሙአዊያ ይመራል፣ እሱ ይዘጋል። ወረቀቱን ቆሞ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። ማኅተሙ በአስተዳዳሪው መሳቢያ እንደሆነ፣ የአዳራሹም ቁልፍ እንደዚያው እንደሆነ ነገራት። መስኡዳ የወጣችው ዳገት ሁሉ ከንቱ የቀረ መሰላት። እሺም እንቢም ሳይላት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

አራት ቀን ዝም አለ። በእነዚያ አራት ቀናት መስኡዳ የሙሽራዋን ቀሚስ ሁለት ጊዜ ፈትታ ሰፋች። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ቀርቶ፣ ወይም ለሙአዊያ ደርሶ ይሆን እያለች ስታወጣ ስታወርድ፣ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰዎች ከመስጊድ ሲወጡ ፈንታሁን በር ላይ ቆሞ አገኙት። ማኅተም የሌለው፣ በእጁ የጻፈውን ጥሪ ይዞ አባላቱን አንድ በአንድ እየጠራ ይሰጥ ነበር። በእሑዱም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደዚያው አደረገ። ስብሰባው በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ አዳራሹ ከተቆለፈ በትምህርት ቤቱ አራተኛ ክፍል።

አዳራሹ ተቆልፎ ነበር። ሠላሳ አንድ ሰው በአራተኛ ክፍል ዴስክ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። ጋሽ ሀሚዱም መጥተው ነበር፤ ግን ግቡ ቢባሉ አባል አይደለሁም ብለው፣ ከውጭ ግድግዳውን ተደግፈው ጥላ ያዙ። ሙአዊያ በሰዓቱ መጣ። ለሁሉም ሰላምታ ሰጥቶ፣ እንደ ልማዱ ፊት ለፊት ወዳለችው የመምህሩ ወንበር ሄደ።  መስኡዳ ልትናገር አፏን ስትከፍት ፈንታሁን ቀደማት።

«አቶ ሙአዊያ፣ እዚች ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ» አለው። ድምፁ እየሰለለ ነበር፤ ግን ጨረሰው። «አንተ ዛሬ ሪፖርት አቅራቢ ነህ።»

ሙአዊያ የወንበሩን መደገፊያ እንደያዘ ቆየ። የሚወጣ የመሰላቸው ነበሩ። አልወጣም፤ ከፊት ካለው ዴስክ ላይ፣ ከኡሙሰልማ አጠገብ፣ እንደ ሌላው ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ።

ጥያቄው ረጅም ነበር። ሙአዊያ ሳይሸሽ መለሰ፦ አዎ፣ ስብሰባ አልነበረም፤ አዎ፣ ፊርማው የስልጠናው ነው። የሚያውቁትን ነገር ከአፉ መስማት ለብዙዎቹ ሌላ ነገር ሆነባቸው። ሃያ ስድስት እጅ ወጥቶ ቃለ ጉባኤው ተሻረ። መስኡዳ ቆጠራውን ስትሰማ እፎይ የምትል መስሏት ነበር።

ፈንታሁን ግን አልዘጋም። ውሳኔው ከተሻረ ጥያቄው እንደ አዲስ ይቀርባል፤ ሎጁ ይሠራ ወይስ አይሠራ፣ አሁን እዚህ እንወስን አለ። የሐይቁ ዳር ሰዎች አንድ ስንዝር አይሰጥም አሉ። የገደል ሥሮቹ ልጆቻችን ይሠሩበት አሉ። ፀሐዩ ጣሪያውን እስኪያግለው ተከራከሩ። ሙዓዝ ከውጫሌ መጥቶ ነበርና አንድ ሐሳብ አመጣ፦ መሬቱ ይሰጥ፤ ነገር ግን በደንገሉ በኩል አሥራ ሁለት እርምጃ ስፋት ያለው መንገድ ለከብት ክፍት ይሁን፤ አጥሩም ወደ ውስጥ ይግባ። አንዳንዱ ተቆጣ፤ በደንገል በኩል ያለው ረግረግ ነው፣ ይዞራል፣ ጥጃ ይሰምጥበታል።

የሙዓዝን ሐሳብ የምትደግፉ እጅ አውጡ ተባለ። አሥራ አምስት እጅ ወጣ። ፈንታሁን ደግሞ ደጋግሞ ቆጠረ። መስኡዳ የራሷን እጅ ዴስኩ ላይ ታየዋለች። በሐሳቧ የአያ እንድሪስ ከብቶች ነበሩ፤ የሙአዊያ የወንድም ልጅም ነበረ። የተዘጋ መስኮትም ነበረ። ሰው ሁሉ ወደሷ መዞሩን ያወቀችው ካወጣችው በኋላ ነው። አሥራ ስድስት ለአሥራ አምስት።

ስትወጣ ጋሽ ሀሚዱ ምን እንደተወሰነ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ደግ ነው ወይም ክፉ ነው አላሉም። ቃለ ጉባኤው ዛሬውኑ ተነቦ ይፈረም አሉና ምርኩዛቸውን አንስተው ሄዱ።

ሙአዊያ የተወሰነውን ፈጸመ። በሳምንቱ ውስጥ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ራሱ እንጨት እየተሸከመ፣ አጥሩን ወደ ውስጥ አስገባው። መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላም ይላታል፤ እንደ ድሮው ግን ቆሞ ስለ እናቷ አይጠይቃትም። የማኅተሙ መሳቢያ ቁልፍ ለፈንታሁን ተሰጥቷል ተባለ፤ የአዳራሹ ግን ገና እየተነጋገሩበት ነው። መስኡዳ የሙሽራዋን ቀሚስ በሰርጉ ዋዜማ አደረሰች።

ሾላ ሜዳ መሄድ ግን ፈራች። አንድ ሳምንት ዛሬ ነገ ስትል ከርማ፣ አንድ ጠዋት ተነስታ ሄደች። አያ እንድሪስን ያገኘቻቸው በአዲሱ መንገድ ከብቶቻቸውን ሲነዱ ነው። ደንገሉ ተቆርጦ፣ ጭቃው ላይ ድንጋይ ተነጥፏል፤ ቢሆንም አንዲት ጥጃ የኋላ እግሯ ገብቶባት ሽማግሌው በጅራቷ ይዘው ያግዟት ነበር። መስኡዳ ጫማዋን አውልቃ ገባችና አብራቸው ገፋች። ጥጃዋ ወጣች። ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆኑ።

ላሞቹ ውሃ ሲጠጡ ከዳር ቆሙ። በኋላ ሽማግሌው ወደ ውሃው እያዩ ጠየቋት።

«አሁንስ እጅሽን አወጣሽ?»

«አወጣሁ» አለች።

«ለየትኛው?»

ነገረቻቸው። ለምን እንደሆነም ነገረቻቸው፤ ስለ አርባ ወጣቶች፣ ስለ ባሕሩ፣ አሥራ አምስት ለአሥራ አምስት ስለ መሆኑ። ብዙ ተናገረች፤ እንዳያቋርጧት እየፈራች፣ ስላላቋረጧት ደግሞ ይብስ እየፈራች። አያ እንድሪስ እስክትጨርስ ጠበቁ።

«እኔ ብሆን ምን እል እንደነበር አላውቅም» አሉ። «የወንድሙ ልጅ ሲሞት እኔም ቀብር የሌለው ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ግን ልጄ፣ ከዚያ ስብሰባ በፊት ብዙ ቀን ነበረሽ። ገደል ሥር ድረስ ወጥተሻል፣ ውጫሌ ድረስ ሄደሻል አሉ። እኛ ዘንድ አልመጣሽም።»

 እውነት ነው፤ ፊርማ ፍለጋ አባል ወዳለበት ሁሉ ስትሄድ፣ ሾላ ሜዳ ሌላ አባል ስለሌለ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እግሯን አልረገጠችበትም።

ሽማግሌው ከብቶቻቸውን ጠርተው፣ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ብለዋት ሄዱ። አብሽሪ ያሏት ይቅር ብለዋት ይሁን፣ ወይም ለመሰነባበት ያህል፣ ከድምፃቸው መለየት አልቻለችም። ከኋላቸው እያየች ብዙ ቆየች። ጭቃው እግሯ ላይ ደረቀ።

ከተማ የሚመልሳት ባጃጅ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ጥሩምባ ነፋላት። ሂድ ብላ በእጇ አሳየችው። የሚቀጥለው ስብሰባ በወሩ ነው፤ አጀንዳው ስለ ጤና ኬላው እንደሆነ ፈንታሁን ነግሯታል። ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ሽቅብ ወጣች፤ ከመንደሩ ዳር ያለው የመጀመሪያው ቤት ያን ቀን በረግረጉ አጠገብ ሰላም ሳትላት ያለፈችው የአብሮ አደጓ ቤት ነው። ልትዘለው ዳር ዳር ካለች በኋላ ተመልሳ በሩ ፊት ቆመች። ቆርቆሮውን ስታንኳኳ በምን እንደምትጀምር ገና አላወቀችም ነበር።